መጀመሪያ የእናትሽን የሰርግ ፎቶ አሳዪኝ

መርፌና ክር (ውይይቱን የከፈተችው)

ሰላም ለዚህ ቤት። አብዛኛውን ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ሰሞኑን ግን ሦስት ልጆች በየተራ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ሐሳቡን ከየት ነው የምታመጪው?» ለእያንዳንዳቸው ቁንጽል መልስ ከምሰጥ እዚህ ልጻፈው፣ ሌሎቻችሁም ጨምሩበት ብዬ ነው።

የሰርግና የፎቶ ስታይሊስት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ሜካፕ አልሠራም፣ ፀጉር አልሠራም፣ ካሜራም አልይዝም። ሙሽሮቹ ምን እንደሚለብሱ፣ የት እንደሚቆሙ፣ ከኋላቸው ምን እንደሚታይ፣ በስንት ሰዓት ፎቶ እንደሚነሱ ከእነሱ ጋር ተቀምጬ አስባለሁ። በሰርጉ ቀን ደግሞ መርፌ ቁልፍ፣ ነጭ ክር፣ ካውያና የሕፃን ፓውደር ይዤ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። (ፓውደሩ ቬሎ ላይ ቅባት ሲነካ ነው። ቶሎ ነስነስ አድርጎ፣ ትንሽ ቆይቶ ማራገፍ።)

አሁን ወደ ጥያቄው። ሙሽራ ስትመጣ ስልኳን ታወጣለች። ሃምሳ ስልሳ ፎቶ አስቀምጣለች፤ አብዛኛው ከፒንተረስትና ከኢንስታግራም ነው። አንድም ሳልዘል አያለሁ፣ ምክንያቱም ምን እንደምትወድ ይነግረኛል። ከዚያ ግን «መጀመሪያ የእናትሽን የሰርግ ፎቶ አሳዪኝ» እላታለሁ። ሥራዬ የሚጀምረው እዚያ ነው።

አንዷን ልንገራችሁ። የጉለሌ ልጅ ነች። እናቷ በመልሳቸው ቀን ጥቁር የከፋይ ካባ ደርበው፣ የፕላስቲክ አበባ ይዘው የተነሱት ፎቶ አለ። «ካባው የት ገባ?» አልኳት። አላወቀችም። እናቷን ጠየቅን። ሳጥን ውስጥ ነበር፣ ናፍታሊን ናፍታሊን እየሸተተ። ገበሩን ብል በልቶታል። ከፋዩና ጥልፉ ግን ደህና ነው። ገበሩን አስቀየርን። ጥልፉ ወደ ቡና የሚወስድ የወርቅ ቀለም ስለነበረው፣ የቀሚሷን ጥለት ከዚያ ቀለም ጋር አስማማነው። የባሏ እጀ ጠባብም ያንኑ ተከተለ። አዳራሹ ውስጥም ከዚያ ቀለምና ከነጭ ሌላ አልገባም።

በመልሱ ቀን ካባውን እኔ ደረብኩላት። እናትየው ከተቀመጡበት ተነስተው መጡና «እንዲህ አይደለም የሚለበሰው» ብለው ፈቱት። ወደ ትከሻዋ ሰብሰብ አደረጉና መልሰው ቆለፉት። ፎቶ አንሺው ያንን ይዞታል። የሁለት እጅ ጣቶች ዘለበት ላይ። ከአራት መቶ ፎቶ ውስጥ ቤተሰቡ አሳጥቦ ግድግዳ ላይ የሰቀለው እሱን ነው።

ሌላው ምንጬ አሮጌ ፎቶ ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሱት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው የተዉልን ሥራ አለ። እነዚያን ፎቶዎች ፊቱን ሳይሆን ልብሱን እያያችሁ ተመልከቷቸው። ጥቁርና ነጭ ስለሆኑ ልብሱ የሚያምረው በቀለሙ አይደለም፤ በእጥፋቱ ነው። ነጠላው የት ላይ እንደታጠፈ፣ ካባው ከትከሻ እንዴት እንደወረደ፣ እጅ የት እንዳረፈ። እኔም ዕቅዴን ስጨርስ ስልኬ ላይ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሬ አየዋለሁ። ቀለሙ ሲወጣ ምንም ካልቀረ ሥራው አላለቀም ማለት ነው።

ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ሁሉም የሚያወራው ጣሪያው ላይ ስላሉት የመላእክት ፊቶች ነው፤ እውነትም ዓይናቸው አይለቅም። እኔን የያዘኝ ግን የቀለሙ ቁጥር ማነስ ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ትንሽ ቡናማ። ሁሉም እንዳይጋጭ የሚያደርገው በየመሃሉ ያለው ጥቁር መስመር ነው። ይህንን ወደ ሥራዬ አመጣሁት። አራት ሚዜዎች በአራት ቀለም መልበስ ሲፈልጉ አልከለክልም። የሁሉም ቀሚስ ጠርዝ ላይ አንድ ዓይነት ቀጭን ጥቁር ቡናማ መስመር እንዲገባ አደርጋለሁ። አብረው የመጡ ይመስላሉ።

ከአፍሪካ አዳራሽ ደግሞ ብርሃን ተማርኩ። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ነው። ከፊቱ ስትቆሙ ብርሃኑ ከኋላው በቀለም ውስጥ አልፎ ነው የሚመጣው። ነጠላም እንደዚያ ነው። ከፊት ብርሃን ስታበሩበት ነጭ ጨርቅ ብቻ ይሆናል። ፀሐይ ከኋላ ስትሆን ግን ክሩ አንድ በአንድ ይታያል፣ ጥለቱም ይበራል።

እናንተስ ከየት ነው የምታመጡት?

ጀማሪዋ ከሀዋሳ

እህቴ፣ ስለጻፍሽው አመሰግናለሁ። እኔ ገና አምስተኛ ሰርጌ ነው። ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። አንደኛ፣ ሙሽራዋ ያሳየችኝን ፎቶ ትቼ «እናትሽን» ስላት ሥራ የማላውቅ ብመስላትስ? ሁለተኛ፣ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ፎቶ ላይ አንዳንዴ ሰማያዊ ይሆንብኛል። ዓይኔ ላይ ነጭ ነው፣ ፎቶው ላይ ሰማያዊ። ፎቶ አንሺው «ልብሱ ነው» ይላል፣ ልብስ ሰፊዋ «ካሜራው ነው» ትላለች። እኔ መሃል ቆሜ ቀረሁ።

መርፌና ክር

ለመጀመሪያው፣ ፎቶዋን አትተዪባት። አብራችሁ እዩትና «ከዚህ ውስጥ የትኛውን ነው ሁልጊዜ የምትመለሺበት?» በያት። ከስልሳው ውስጥ ሦስቱን ትመርጣለች። ከዚያ ስለ እናቷ ስትጠይቂያት እንዳልናቅሻት ታውቃለች።

ለሁለተኛው፣ ፎቶ አንሺው ትክክል ሳይሆን አይቀርም። የፋብሪካ ነጭ ጨርቅ ይበልጥ ነጭ እንዲመስል የሚያደርግ ኬሚካል ይገባበታል። ያ ኬሚካል በፀሐይና በፍላሽ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያበራል። ነጭ የሚያደርግ የልብስ ሳሙናም እንደዚያው ነው። የእጅ ፈትል ግን የጥጡ ቀለም ነው፣ ትንሽ ወደ ክሬም ይወስዳል። ከእኛ ቆዳ ጋር ሲሆን ደግሞ እንዴት እንደሚስማማ! ሁለቱን ጨርቅ ጎን ለጎን አድርገሽ በፍላሽ አንሺያቸውና እይው። በጣም ነጭ የሆነ ጨርቅ ፊትንም ያጨልማል፤ ካሜራው ለነጩ ሲል ፊቱን ይጫነዋል።

ጥላና ብርሃን

ፎቶ አንሺ ነኝ፣ ስለ ጨርቁ ያልሽው ትክክል ነው። እኔ ግን ከጨርቅ በፊት ሰዓት እላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰርግ ላይ የተጣላሁት ከሰዓት ጋር ነው።

ስታይሊስቶች ይህን ብታውቁልኝ ደስ ይለኛል። በጥር ሰርግ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ዘንበል ያለች ናት። ፊት ላይ ትንሽም ቢሆን ብርሃን ታገኛላችሁ። ከፋሲካ በኋላ ባለው የሚያዝያ ሰርግ ግን አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በቀጥታ አናት ላይ ናት። ዓይን ጉድጓድ ይሆናል፣ የአፍንጫ ጥላ ከንፈር ላይ ይወርዳል። ምንም ሜካፕ አያድነውም። በሁለቱ ወራት አንድ ዓይነት ፕሮግራም ማውጣት ስህተት ነው።

የተለመደው ሙሽራዋን ከቤት ካወጡ በኋላ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ወደ ፓርክ መውሰድ ነው። በጣም መጥፎው ሰዓት! ቆንጆው ብርሃን ያለው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። እሱም አጭር ነው፤ ከምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቶሎ ነው የምትጠልቀው። በጥር 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትገባለች። ስለዚህ በሚያዝያ ሰርግ እኩለ ቀኑን ለቤተሰብ ፎቶ፣ ጥላ ላይ፣ በረንዳ ላይ አድርጉት። እንጦጦ ከሆነ ባሕር ዛፉ ውስጥ ግቡ። የሁለቱን ብቻ ፎቶ ለአመሻሹ አቆዩልኝ። አዳራሽ መግቢያው በግማሽ ሰዓት ቢዘገይ እንግዳው ይጠብቃል።

ሀዋሳ ላለሽው ልጅ፦ አንቺ ዕድለኛ ነሽ። ከተማሽ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይዋ የምትገባው ሐይቁ ላይ ነው። ሙሽሮቹን ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተሽ አቁሚያቸው።

የዶርዜ ልጅ

አባቴ ሸማኔ ነው። ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው፣ ከመወርወሪያው ድምፅ ሥር። እኔም እሸምናለሁ። ይህን ውይይት አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ስለ ፈትሉ ላርም። ዛሬ ገበያ ላይ «ፈትል» የሚባለው አብዛኛው ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ ነው የእጅ ፈትል። ሙሉ በሙሉ የእጅ ፈትል ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ዋጋውም ጊዜውም ሌላ ነው። የሚፈትሉት እናቶች ናቸው፣ የምንሸምነው ወንዶች ነን። ያ ነጠላ እናንተ ጋ ከመድረሱ በፊት ስንት እጅ እንዳለፈ አስቡት።

ሁለተኛ፣ ሰኞ በስልክ ፎቶ ልካችሁ «ለቅዳሜ» አትበሉን። ጥለት በእጅ ነው የሚለቀመው። እግራችንን ጉድጓድ ውስጥ አድርገን፣ አጎንብሰን፣ አንዷን መስመር ከአንዷ ጋር እየገጠምን ነው። ስታቻኩሉን ልብስ ሰፊው ገበያ ሄዶ ጥበብ የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ይገዛና ይሰፋላችኋል። ከሩቅ ይመስላል። ሲጠጉት ግን ጥለቱ ሲዳሰስ ከፍ ዝቅ የለውም። እኛ የቀንና የማታ ሥራችንን የምናጣው በዚያ ነው።

ሦስተኛው ነው የጻፍኩበት ዋናው ምክንያት። ኢንስታግራም ላይ ስታወጡ የፎቶ አንሺው ስም አለ፣ የሜካፑ አለ፣ የዲኮሩ አለ፣ የኬኩ ሳይቀር አለ። የሸማኔው ስም የታለ? አባቴ አርባ ዓመት ሸምኗል። የሠራውን ቀሚስ ቢልቦርድ ላይ ሁለት ጊዜ አይቶታል። ስሙን ግን አንድም ቀን የትም አላየውም።

መርፌና ክር

ወንድሜ፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እውነትህን ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለ ጥለት ሳወራ ኖሬ የሸመነውን ሰው ስም ጠይቄ አላውቅም። ቀሚስ የምወስደው ከባለሱቅ ነው፣ ባለሱቁ ጋ ቆሜ እመለሳለሁ። ለዚህ ምክንያት የለኝም። ከዚህ ሰርግ ወቅት ጀምሮ ሥራዬ ሥር የሸማኔውን ስም እጽፋለሁ። አባትህን አንድ ቀን ልመጣና ሲሠሩ ልያቸው፣ ከፈቀዱ። ጥለት ስመርጥ እስካሁን በቀለም ብቻ ነበር። እሳቸው እንዴት እንደሚመርጡ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የዶርዜ ልጅ

ነይ። ጠዋት ነው የሚሻለው፣ ዓይኑ ሳይደክም። እሱ ቀለም ሲመርጥ ክሮቹን ከበር ውጭ አውጥቶ አፈር ላይ ነው የሚዘረጋቸው። «ከአፈር ጋር ካልተጣላ ከሰው ጋር አይጣላም» ይለናል።

ሙሽራዋ ሲልቨር ስፕሪንግ

ከሜሪላንድ ነው። እኛ ጋ ያለውንም ልጨምር። የኔ ቀሚስ የተሠራው ሽሮ ሜዳ ነው፣ ልኬን በቪዲዮ ነው የሰጠሁት፣ የመጣውም በአክስቴ ሻንጣ። ሲደርስ ወገቡ አራት ጣት ሰፋ። ለካ እኔ በኢንች ነግሬ ሰፊዋ በሴንቲ ሜትር አስልታዋለች፣ መሃል ላይ ቁጥሩ ተጠጋግቷል። ውጭ ያላችሁ ልካችሁን በሴንቲ ሜትር ብቻ ላኩ። ሜትሩ ሰውነታችሁ ላይ እያለ ፎቶ አንስታችሁ ጨምሩበት።

ሌላ ነገር፦ ዋሽንግተን ላይ ሁሉም የሚመኘው የቼሪ አበባውን ነው። ከቶኪዮ በ1912 እ.ኤ.አ. የተበረከቱት ዛፎች። አበባው የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ፣ በእነሱ ማርች መጨረሻና ኤፕሪል መጀመሪያ ነው። እሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ኦርቶዶክሶቹ ሰርጉን ከፋሲካ በኋላ አድርገን፣ ፎቶውን ብቻ ቀድመን እንነሳለን። ማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ። ሮዝ አበባ ሥር ቀይ ጥለት አይሄድም ተብዬ ነበር። አረንጓዴና ወርቅማ አደረግኩ፣ በጣም አማረ።

አዳራሹን ግን አልተጠነቀቅንም። ግድግዳው ሥር ሐምራዊ መብራት አበሩ። ነጩ ቀሚሴ በሁሉም ፎቶ ላይ ሐምራዊ ነው። የባሌ ጋቢም ሐምራዊ ነው። ስታይሊስት ቢኖረኝ ኖሮ ያንን አስቀድሞ ይጠይቅልኝ ነበር።

የሚያዝያ ሙሽራ

ይቅርታ፣ እኔ ግን በርዕሱ አልተስማማሁም። ሰርጌ ሚያዝያ ላይ ነው። እናቴና አባቴ የተለያዩት አምስት ዓመቴ ሳለሁ ነው። የሰርጋቸውን ፎቶ እናቴ ቀዳዋለች። ስታይሊስት ጋ ሄጄ «መጀመሪያ የእናትሽን ፎቶ» ብትለኝ ተነስቼ ነው የምወጣው። ሁሉም ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ማየት ደስ አይለውም። የስልኬን ፎቶዎች ለአራት ዓመት ነው የሰበሰብኳቸው። እነሱም የኔ ናቸው።

መርፌና ክር

እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ ስለጻፍሽውም አመሰግናለሁ። ርዕሱን ስጽፍ አንድ ነገር ትቼ ነበር፣ አሁን ልንገርሽ።

ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት ሙሽራ እንደዚሁ ጠየቅኳት። ዝም አለች። እኔም የገባኝ መስሎኝ «ከአክስትሽም ቢሆን ፈልጊ» አልኳት። ሳምንት ቆይታ በጓደኛዋ በኩል እንደማትመጣ ነገረችኝ። በኋላ ነው ያወቅኩት፤ ሐረር ከአያቷ ጋር ነው ያደገችው፣ ወላጆቿን አታውቃቸውም። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷም ደግ ሰው ነች፣ ተመልሳ መጣች። ያኔ «ካደግሽበት ቤት ውስጥ ሁልጊዜ የምታዪው ነገር ምን ነበር?» አልኳት። አላሰበችም እንኳ። «ግድግዳው ላይ ያለው ስፌት» አለችኝ። የሐረር ቤት ግድግዳ በስፌት እንደሚያጌጥ ታውቃላችሁ። አያቷ የሰፉትን አንዱን ይዛ መጣች፣ በነጠላ ጠቅልላ። ወይን ጠጅ፣ ብርቱካን፣ አረንጓዴ፣ በመሃል የሣሩ የራሱ ቀለም። የሰርጉ ቀለም በሙሉ ከዚያ ስፌት ወጣ። ብርቱካኑን ለአበባ ብቻ አስቀረነው፣ ስፌቱ ላይም ትንሽ ስለነበረ።

አሁን አብዛኛውን ጊዜ የምጠይቀው እንደዚያ ነው። የእናትን ፎቶ የምጠይቀው ሙሽራዋ ራሷ ስለ እናቷ ካወራች በኋላ ነው። ርዕሱ ላይ ግን የድሮውን ጻፍኩት፣ አንቺን ስላስከፋ አዝናለሁ። የአራት ዓመቱን ስብስብሽን ይዘሽ ሂጂ። ጥሩ ስታይሊስት ከእሱም ውስጥ ቤትሽን ያገኝልሻል።

የሚያዝያ ሙሽራ

እሺ። ካደግኩበት ቤት ሁልጊዜ የማየው… የመስኮታችን መጋረጃ ነው። ቢጫ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቤቱ በሙሉ ቢጫ ይሆናል። አሁን ሳስበው ካስቀመጥኳቸው ፎቶዎች ግማሹ ቢጫ ብርሃን አለው።

የ73 ሙሽራ

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን ያነበበችልኝ የልጅ ልጄ ናት፣ የምትጽፍልኝም እሷው ናት።

እኔ የተዳርኩት በ1973 ነው። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ሰርጉ በቀን አለቀ፣ የመሸበት ዘመድ እኛው ቤት አደረ። ቬሎው የተዋስኩት ነበር። እኔን ጨምሮ አራት ሙሽሮች ለብሰነዋል፤ አንዷ ወፍራም፣ አንዷ ቀጭን። አክስቴ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ትይዘው ነበር። እናንተ ስታይሊስት የምትሉት የኔዋ አክስቴ ነበረች ማለት ነው። ለእያንዳንዷ ሙሽራ ደረቱ ላይ አንድ ነገር ትቀይርበታለች። ለአንዷ ዳንቴል፣ ለአንዷ ሪባን፣ ለኔ ትንንሽ ነጭ ቁልፎች በመደዳ። ማንም «ያው ልብስ ነው» እንዳይለን።

ያለኝ ሦስት ፎቶ ነው። ስቱዲዮ ሄደን ነው የተነሳነው። ፎቶ አንሺው አገጬን በጣቱ ቀና አድርጎ «እንዳትተነፍሺ» አለኝ። ሦስተኛው ላይ አክስቴ ልታስተካክለኝ ስትመጣ እጇ ብቻ ገብቷል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያንን «የተበላሸው» ይለው ነበር። እኔ የምወደው ግን እሱን ነው።

ጥላና ብርሃን

እማማ፣ እግዚአብሔር ያቆይልን። እባክዎ ያንን ሦስተኛውን ፎቶ የልጅ ልጅዎ በደንብ አንስታ ታስቀምጥልን። ሰው ሲያስተካክል እጁ ፎቶ ውስጥ ከገባ እየቆረጥኩ ነበር የማወጣው። ከእንግዲህ ቢያንስ አንዱን አልቆርጥም።

መርፌና ክር

እማማ፣ የቁልፎቹን ነገር ከፈቀዱልኝ ልውሰደው? ቬሎ ተከራይተው የሚያገቡ ብዙ ሙሽሮች አሉኝ፣ ሌላ ሰው የለበሰው መሆኑ ሆድ ሆዳቸውን ይበላቸዋል። የሚፈታ የቁልፍ መደዳ ለየብቻቸው ላሰፋላቸው እችላለሁ። ሲመልሱት ፈትተው ለራሳቸው ያስቀሩታል።

የ73 ሙሽራ

ውሰጂው ልጄ። የአክስቴ ምርቃት ይድረስሽ። ግን በድርብ ክር ይሁን፣ የኔ አንዱ ወድቆ ቤተ ክርስቲያን ቀርቷል።

ጀማሪዋ ከሀዋሳ

አሁን ሙሽራዬ ቤት ነኝ። እንዳልሽኝ መጀመሪያ የሷን ፎቶዎች አየን፣ ሦስቱን መረጠች። ከዚያ ሳልጠይቃት ራሷ «እናቴም እንዲህ ዓይነት ሹሩባ ተሠርታ ነበር» አለች። እናቷ አልበሙን ሊያመጡ ጓዳ ገብተዋል። ቁልፍ ሲፈልጉ ይሰማኛል። ሲያመጡልኝ ምን ላድርግ?

መርፌና ክር

እጅሽን ታጠቢ። በሁለት እጅ ተቀበያቸው። ፎቶውን ከላስቲኩ ለማውጣት አትሞክሪ፣ የድሮ አልበም ሙጫው ስለሚይዝ ይቀደዳል። ባለበት፣ መስኮት አጠገብ ሆነሽ፣ ፍላሽ አጥፍተሽ አንሺው። መጀመሪያ ግን ስልክሽን አስቀምጪና እሳቸው ያውሩልሽ።